ዕጣውን ማን ይቆጥራል? የጎርፍና የድርቅ ምርመራ ከሐዋሳ ሲታይ

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ ውስጥ ተራራ ተናደ። መጀመሪያ የጥቂት ሰዎች ቤት ተቀበረ። ጎረቤት ዶማና አካፋ ይዞ ሊያወጣቸው ሮጠ። ያልያዘው በእጁ ይቆፍር ነበር። ሰዉ እዚያው እንደተሰበሰበ ሁለተኛው ናዳ መጣ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። እኛ ሐዋሳ ሆነን ያንን ቀይ አፈር በስልካችን ስናይ ሰነበትን።

በስምንተኛው ቀን ሕንድ ውስጥ፣ ኬረላ ግዛት፣ ዋያናድ በሚባል ተራራማ አካባቢ እንደዚሁ መሬት ተናደ። ሰዉ ተኝቶ ሳለ ነው። እዚያም የሞተው በመቶዎች የሚቆጠር ነው።

እስከዚህ ድረስ ሁለቱ አደጋዎች መንታ ናቸው። ከዚያ በኋላ ግን መንገዳቸው ተለያየ። ስለ ዋያናድ በሁለት ሳምንት ገደማ ሳይንቲስቶች ቁጥር ይዘው ወጡ። በአንድ ቀን ከ140 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ወርዷል፤ ዓለም ባትሞቅ ኖሮ ይወርድ ከነበረው በ10 በመቶ ገደማ የበረታ ነው አሉ። ስለ ጎፋ እንዲህ ያለ ቁጥር ሲጠቀስ ሰምቼ አላውቅም። ያኔ ሐዋሳ ውስጥ ያገኘሁት ሰው ሁሉ "የአየር ንብረት ለውጥ ነው" ይል ነበር። አንዳንዱ "ደኑ ተመንጥሮ ነው" ይላል። አንዳንዱ ደግሞ "የፈጣሪ ቁጣ ነው" ብሎ ዝም። ሦስቱንም የሚመዝን ሚዛን በእጃችን አልነበረም።

ሚዛኑ ግን በዓለም ላይ አለ። የመንስኤ ልየታ እንበለው። አንድ ጎርፍ፣ አንድ ድርቅ ወይም አንድ የሙቀት ማዕበል ሲመጣ የዓለም ሙቀት መጨመር ድርሻው ስንት ነው ብሎ የሚለካ የጥናት ዘርፍ ነው።

እቁብ የጣለ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ጣሳ ውስጥ 100 ብጣሽ ወረቀት አለ። አንዷ ላይ "ጎርፍ" ተብሎ ተጽፏል፤ ሌሎቹ ባዶ ናቸው። በየዓመቱ አንድ ዕጣ ይወጣል። የኛ ጣሳ ከእቁቡ የሚለየው የወጣው ዕጣ ተመልሶ መግባቱ ነው። ስለዚህ ጎርፉ በአማካይ በ100 ዓመት አንዴ ይወጣል ማለት ነው። አሁን አንድ ሰው በድብቅ ዘጠኝ ባዶ ወረቀቶችን አውጥቶ በምትካቸው ዘጠኝ "ጎርፍ" ከተተ እንበል። ዘንድሮ ጎርፍ ወጣ። የወጣችው የድሮዋ ናት ወይስ ከተጨመሩት አንዷ? ማንም አያውቅም። ዕድሉ ግን አሥር እጥፍ እንዳደገ ጣሳውን የቆጠረ ሰው ያውቃል።

ለዚህ ነው "ይህን ጎርፍ ያመጣው የአየር ንብረት ለውጥ ነው ወይ?" የሚለው ጥያቄ ብዙም የማያስኬደው። ሳይንቲስቶቹ የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው። ዕድሉ ስንት እጥፍ ሆነ? በርትቶ ከሆነስ በምን ያህል በረታ?

ጥያቄው ሲወለድም የገንዘብ ሽታ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በጥር 2003 ኦክስፎርድ የሚኖር ማይልስ አለን የተባለ የፊዚክስ ሰው የቴምዝ ወንዝ ሞልቶ ወደ ቤቱ ሲጠጋ እያየ ነበር። ያን ጊዜ ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ጥያቄው በግርድፉ ይኸው ነው፦ ቤቴ ቢጎዳ ማንን ልክሰስ? በዓመቱ ከፒተር ስቶትና ከዳይቲ ስቶን ጋር የ2003ቱን የአውሮፓ ከባድ ሙቀት መርምሮ የሰው ልጅ ጭስ ዕድሉን ቢያንስ እጥፍ አድርጎታል አለ። ከአሥር ዓመት በኋላ ጀርመናዊቷ ፍሬደሪኬ ኦቶና ሆላንዳዊው ኼርት ያን ቫን ኦልደንቦርኽ ወርልድ ዌዘር አትሪቢዩሽን የተባለውን ቡድን አቋቋሙ። ቡድኑ አደጋው ከዜና ሳይጠፋ፣ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ መልስ ለመስጠት ነው የተነሳው። የዋያናዱን ቁጥር ያወጣውም እሱ ነው። ቫን ኦልደንቦርኽ በ2021 አርፏል። ክላይሜት ኤክስፕሎረር የተባለውን፣ የአየር ንብረት መረጃ የሚተነተንበትን በነጻ የሚሠራ የድረ ገጽ መሣሪያ ትቶልናል። ላፕቶፕና ኔትወርክ ያለው የሐዋሳ ተማሪም ሊጠቀምበት ይችላል። ኔትወርኩ ካለ ነው እንግዲህ።

አሠራሩ ሁለት ጣሳ ይፈልጋል። አንደኛው የዛሬው ዓለም ጣሳ ነው። ሁለተኛው ፋብሪካና መኪና ያላጨሱበት፣ ያልሞቀ ዓለም ጣሳ ነው። ሁለተኛውን ያየው ሰው የለም። ስለዚህ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። ያው የአየር ንብረት ሞዴል፣ ማለትም የአየሩንና የባሕሩን ጠባይ በሒሳብ የሚያስላ ፕሮግራም፣ አንዴ ከጭሱ ጋር፣ አንዴ ያለ ጭሱ በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ይሮጣል። ከዚያ "ጎርፍ" የምትለዋ ዕጣ በየጣሳው ስንቴ እንደወጣች ይቆጠራል።

ጨዋታው እዚህ ላይ ነው። ሞዴሉ የኛን ሰማይ ያውቃል ወይ? የሐዋሳ ዋና ዝናብ በታኅሣሥ ነው የሚል ሞዴል ቢመጣ የትም አይደርስም፤ ይጣላል። እንዲህ ያለው ቀልድ የሚታወቀው ግን በመሬት ላይ የተለካ የብዙ ዓመት የዝናብ መዝገብ ሲኖር ነው። ብዙዎቹ የዓለም ሞዴሎች ምድርን የሚያዩት በሳጥን በሳጥን ነው፤ የአንዱ ሳጥን ጎን 100 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል። በአንዱ ሳጥን ሐዋሳም፣ ሻሸመኔም፣ ወንዶ ገነትም፣ ይርጋለምም ይገባሉ። ከሐይቁ ዳር ሙቀት እስከ ሀገረ ሰላም ብርድ ድረስ አንድ ቁጥር ይሰጣቸዋል። እኛ ደግሞ ታቦር ላይ ዶፍ ሲወርድ ሪፈራል አካባቢ ፀሐይ መሆኑን ለምደናል። አላሙራ ላይ የደመነው አላሙራ ላይ ሊቀር ይችላል። ይህን ሳጥኑ አያውቅም። የሚያውቀው መሬት ላይ የተተከለው የዝናብ መለኪያ ነው።

በሀገራችን እስካሁን ከተጠኑት ሦስቱን ላንሳ።

የመጀመሪያው የ2007/2008ቱ ድርቅ ነው፤ በፈረንጅ 2015። በልጉም ክረምቱም ተበላሸ። በሰሜንና በመካከለኛው የሀገሪቱ ክፍል የዘነበው ከመደበኛው ግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ነበር። ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ፈለገ። ሁሉም ሰው መልሱን ያወቀ መስሎት ነበር። ጥናቱ ሲወጣ ግን "በእርግጠኝነት በአየር ንብረት ለውጥ የመጣ ነው ማለት አንችልም" የሚል ሆነ። ኤልኒኞ፣ ማለትም በየጥቂት ዓመቱ የሚመጣው የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ፣ ድርቁን እንዳባባሰው ታይቷል። የሙቀት መጨመሩ ድርሻ ግን ዕድሉን ከመቀነስ ጀምሮ አምስት እጥፍ እስከማሳደግ ሊደርስ ይችላል ተባለ። ይህ ማለት ሰፊ ሜዳ ነው። ምክንያቱ አንድም የዝናባችን የዓመት ለዓመት መዋዠቅ ነው፤ አንድም መዝገባችን አጭር መሆኑ ነው።

እኔ ይህን ጥናት እወደዋለሁ። ሳይንስ "አላውቅም" ሲል እምነቴ ይጨምራል። ሁሌ "አዎ" የሚል ሚዛን ሚዛን አይደለም።

ሁለተኛው የቦረናው ድርቅ ነው። ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ቦረና ላይ ከብቱ አለቀ። ኬንያዊቷ የአየር ንብረት ሳይንቲስት ጆይስ ኪሙታይ የመራችው ጥናት በ2023 ወጣ። እንዲህ ያለው ድርቅ የመምጣት ዕድሉ በሙቀት መጨመር የተነሳ 100 እጥፍ ገደማ አድጓል አለ። ዝርዝሩ ደግሞ ከዋናው ቁጥር ይበልጣል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ዋናው ዝናብ፣ ቦረናዎች ጋና የሚሉት፣ እንዲያ የመክሸፍ ዕድሉ እጥፍ ሆኗል። የመኸሩ ዝናብ ሃጋያ ግን በተቃራኒው እየጨመረ ነው። ታዲያ ድርቁ ያን ያህል የከፋው ከየት መጣ? ከሙቀቱም ጭምር። የወረደውም ውሃ መሬት ውስጥ ሳይቆይ ይተናል። ስለዚህ "ዝናቡ ጠፋ" ብቻ ማለት ግማሽ እውነት ነው።

ሦስተኛው እዚያው ምድር ላይ የመጣው ጎርፍ ነው። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ከድርቁ ማግስት፣ ሶማሌ ክልልና ጎረቤት ሀገሮች በውሃ ተጥለቀለቁ። የዚያ ዝናብ ብርታት በአየር ንብረት ለውጥ እስከ ሁለት እጥፍ ሊደርስ እንደቻለ ጥናቱ አሳየ። ከሕንድ ውቅያኖስ የምሥራቅና የምዕራብ ሙቀት መዛባት የመጣ ድርሻም እንዳለበት አብሮ ተናግሯል። ከብቱን በጥም ያጣው አርብቶ አደር የተረፈችውን ፍየል ውሃ ወሰደበት።

አንድ አራተኛ ልጨምር፤ ከኛ ሳይሆን ከጎረቤት። በግንቦት 2023 (በኛ ሚያዝያ 2015 መጨረሻ ላይ) በኪቩ ሐይቅ ዙሪያ፣ ሩዋንዳና ኮንጎ ውስጥ፣ በጎርፍና በናዳ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ሞተ። ያው ወርልድ ዌዘር አትሪቢዩሽን ሊያጠናው ሞከረ፤ አልቻለም። መረጃው አልበቃም ብሎ በግልጽ ጻፈ። በሩዋንዳ ከ1994ቱ የዘር ጭፍጨፋ በኋላ አብዛኛው የዝናብ መለኪያ ጣቢያ ሥራ አቁሞ ነበር፤ መዝገቡ ላይ የ15 ዓመት ገደማ ቀዳዳ አለ። ጦርነት ሰውን ብቻ አይደለም የሚገድለው፤ የዝናቡን ታሪክም ይገድላል።

ዋያናድ ላይ ይህ ቀዳዳ አልነበረም። የሕንድ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1875 ነው። የኛው ራሱን ችሎ የቆመው በ1973 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በሲቪል አቪዬሽን ሥር ያለ ክፍል ነበር፤ ሥራውም በአብዛኛው ለአውሮፕላን ነበር። ጎፋ ተራራ ላይ አውሮፕላን አያርፍም።

ወደ መለኪያው ልውሰዳችሁ። ከሐዋሳ ብዙም በማይርቅ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ በአጥር ሽቦ የተከለለች አንዲት የቆርቆሮ ሲሊንደር ቆማለች። አፏ ላይ ማንቆርቆሪያ የሚመስል ማጥለያ አለ፤ ከሥሩ ውሃው የሚጠራቀምበት ዕቃ። ከጎኗ ዝናብ የሚሸፍናት ዛፍ የለም፤ መኖርም የለበትም። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንድ መምህር ይመጣሉ። ተማሪዎቹ "ቲቸር" ይሏቸዋል፤ እኔ "ጋሼ" እላለሁ። ውሃውን ወደ መስታወት መለኪያው ይገለብጡታል። መስታወቱን ወደ ዓይናቸው ትይዩ ያነሳሉ። ውሃ መስታወት ውስጥ ዳርና ዳሩ ከፍ፣ መሐሉ ዝቅ ይላል። የሚነበበው ዝቅ ያለው ነው። "ቆመህ ከላይ ካየኸው ትሳሳታለህ ልጄ" አሉኝና አስጎነበሱኝ። 7.4። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ስለዚህ ያን ሌሊት እያንዳንዷ ካሬ ሜትር ላይ ሰባት ሊትር ከምናምን ወርዷል። ቅጹ ላይ ጻፉት። እሑድም ይመጣሉ። ፋሲካም፣ ፍቼም። ዝናብ ባልጣለበት ቀንም ይመጣሉ፤ ዜሮም መጻፍ አለበት። ባዶ ሳጥንና ዜሮ አንድ አይደሉም። ዜሮ "አልዘነበም" ነው፤ ባዶ ሳጥን "ማንም አላየም" ነው።

እንዲህ ያሉ ዝናብ ብቻ የሚለኩ ጣቢያዎች በሀገሪቱ በብዛት አሉ። የሚለካውም እንደ ጋሼ ሌላ ሥራ ያለው ሰው ነው። የሚሰጣቸው ገንዘብ ደሞዝ ለማለት አያስደፍርም፤ የኪስ ነው። ስንት እንደሆነ ስጠይቃቸው ሳቁ እንጂ አልነገሩኝም።

ሳተላይት የለም ወይ ይባል ይሆናል። አለ። ቺርፕስ የሚባለው የዝናብ መረጃ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ያለውን ሳተላይትን ከምድር ጣቢያ እያቀናጀ ይሠራል። የኛም ተማሪዎች በብዛት የሚጠቀሙት እሱን ነው። ግን ሳተላይቱ የሚያየው ደመናን ነው። ደመናው ስንት ሚሊ ሜትር እንዳወረደ የሚያርመው የጋሼ መስታወት ነው። መስታወቶቹ ሲያንሱ ሳተላይቱም ግምቱ ይከፋል። ሥራው በብልሃት ሲሠራ ደግሞ ያምራል። የኛው የሚቲዎሮሎጂ ተቋም ከኮሎምቢያና ከሪዲንግ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጋር ሆኖ የሀገሪቱን ጣቢያዎች ከሳተላይት ጋር አዋህዶ በየ4 ኪሎ ሜትሩ የዝናብ መረጃ አዘጋጅቷል። ኢናክትስ ይባላል፤ ሌሎች የአፍሪካ ሀገሮችም ተከትለውታል። ማለትም ይቻላል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2020 በዓለም ላይ ለአየር ንብረት ምርምር የተመደበው ገንዘብ ወዴት እንደሄደ በኖርዌዩ ኢንድራ ኦቨርላንድ የሚመራ ቡድን ተከታትሎ ነበር። አፍሪካን ለማጥናት የዋለው 3.8 በመቶ ነው። ከዚያ ውስጥ 78 በመቶው የገባው ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ተቋማት ነው። ለአፍሪካ ተቋማት የደረሰው 14.5 በመቶ። በመቶኛ የመቶኛ ስለሚያደናግር በብር ላውራው። 100 ብር ወጣ። አፍሪካን ለማጥናት 3 ብር ከ80 ሳንቲም ተመደበ። ከእሷ ላይ 3 ብር የምትጠጋው ባሕር ማዶ ቀረች። አፍሪካ ውስጥ ለሚሠራ ተመራማሪ የደረሰችው 55 ሳንቲም ናት። ሐዋሳ ላይ 55 ሳንቲም ለማስቲካም አትሆንም።

እዚህ ላይ ፈረንጁን መውቀስ ይቀላል። እኔም ስጀምር ልቤ ወደዚያ ነበር። ግን ኪሙታይ የመራችው ጥናት ያለ አውሮፓ ገንዘብና ባልደረቦች አይወጣም ነበር። ደግሞስ የራሳችን ገንዘብ የት አለ? የአፍሪካ ሀገሮች ከሀገራዊ ምርታቸው 1 በመቶውን ለምርምር እንመድባለን ብለው በአፍሪካ ኅብረት ከተስማሙ ቆይተዋል። እኛም እዚያ አልደረስንም። የኅብረቱ መቀመጫ ደግሞ አዲስ አበባ ነው።

የሰው ገንዘብ ምን ያህል የማያስተማምን እንደሆነ በቅርቡ አይተናል። ከ77ቱ ረሃብ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ አሜሪካ ፊውስ ኔት የተባለ የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ አቋቋመች። 40 ዓመት ያህል በቦረናም በትግራይም ማን ሊራብ እንደሚችል ቀድሞ ሲናገር ኖረ። በጥር 2025 ዋሽንግተን ላይ የውጭ እርዳታ ቁም ሲባል ድረ ገጹ ጠፋ። ጠዋት ሲከፈት የለም። ከወራት በኋላ ቢመለስም ትምህርቱ አልጠፋም፤ በሌላ ሀገር ምርጫ ውጤት የኛ የዝናብ ካርታ ሊጠፋ ይችላል።

ያልተመዘገበ ነገር እንዳልተፈጸመ ይቆጠራል። ይህን በደንብ የሚያሳይ አንድ ቁጥር አለ። ኢኤም-ዳት የተባለው የዓለም የአደጋ መዝገብ ከ1900 ወዲህ ከሰሃራ በታች ላለው አፍሪካ የያዘው ሁለት የሙቀት ማዕበል ብቻ እንደሆነ በ2020 የወጣ ጥናት አሳይቷል። የሞቱትም 71 ሰዎች ናቸው። ለአውሮፓ በ40 ዓመት ብቻ 83 የሙቀት ማዕበልና ከ140 ሺህ በላይ ሟች ተመዝግቧል። አፋርና ጋምቤላ ከፓሪስ ይቀዘቅዛሉ ማለት ነው? ሙቀቱ ገድሎናል፤ መዝጋቢ ነው የጠፋው።

መሐንዲስ ጓደኛዬ በዚህ ሁሉ አይስማማም። ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለን ዓሣ እየበላን ነበር የተከራከርነው። "ቁጥሩን ተወው" አለኝ። "ዲቹ በፕላስቲክ ተደፍኖ ከተማው ይጥለቀለቃል። ዕጣ ከምትቆጥር ዲቹን ጥረግ። ያንን ብር ለኛ ስጡንና ቦይ እንሥራበት።" እውነት አለው። ዲቹ የተደፈነው በአየር ንብረት ለውጥ አይደለም፤ በኛው እጅ ነው። ለአደጋ ሁሉ "ክላይሜት ቼንጅ" ማለት ለአንዳንድ ባለሥልጣን ጥሩ መደበቂያ ሆኗል፤ ጎርፉን ሰማይ ላይ ጥሎ ከተጠያቂነት መውጣት።

መልሴ ግን ይኸው ነው። "ቦዩን በስንት ስፋት ነው የምትሠራው?" አልኩት። ድልድይና ቦይ የሚሠራው የ50 ዓመት ጎርፍ፣ የ100 ዓመት ጎርፍ እየተባለ ነው። ያ ሒሳብ የሚወጣው ካለፈው የዝናብ መዝገብ ነው። ጣሳው ውስጥ ዕጣ ከተጨመረ የአያቶቻችን የ100 ዓመት ጎርፍ ዛሬ የ30 ዓመት ሊሆን ይችላል። ያኔ በድሮው ሒሳብ የተቀበረው ቱቦ ይጠብባል። ስለዚህ የኔ ዕጣ ቆጣሪና የሱ ቱቦ የሚጠጡት ከአንድ ጉድጓድ ነው፤ ከጋሼ ቅጽ። ጓደኛዬ ዓሣውን ጎረሰና "እሱስ ልክ ነው፤ የኛ የዝናብ ሠንጠረዥ አርጅቷል" አለ። እዚያ ላይ ታረቅን።

ዓሣውን የሰጠን ሐይቅ ራሱ ጥሩ ፈተና ነው። ሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም። ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ ጥቁር ውሃ ብቻ ነው። ውሃው ከፍ ሲል ዳር ያለውን ያሰጋል፤ ዝቅ ሲል ደግሞ ሌላ ወሬ ይነሳል። ምክንያቱን ብትጠይቁ ዝናብ አለ፣ ትነት አለ። ከምሥራቅ ተራሮች የሚታጠበው አፈር አለ፤ በፊት ሐይቅ የነበረው ጨለለቃ በደለል ሞልቶ ረግረግ ሆኗል። ሁሉም አብረው ይሠራሉ። ከጎረቤት ደግሞ ማስጠንቀቂያ የሚሆን ሐይቅ አለ። መተሐራ አጠገብ ያለው በሰቃ በ1950ዎቹ በፈረንጅ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል፤ መንገዱንና ሐዲዱን አስቸግሯል። ያየ ሰው "የአየር ንብረት" ሊል ይችላል። አጥኚዎቹ በዋናነት የሚጠቁሙት ግን በዙሪያው ካለው መስኖ የሚሰርገውንና የከርሰ ምድሩን ውሃ ነው። የመንስኤ ልየታ ገንዘብ የሚያስፈልገው ለዚህም ጭምር ነው፤ ጥፋቱ የጭሱ ያልሆነ ጊዜ "የኛው ነው" ለማለት።

ይህ ሁሉ ከፖለቲካው ጋር የሚገናኝበት በር አለ። በ2022 ሻርም ኤል ሼክ ላይ ሀገሮች በአየር ንብረት ለውጥ የተጎዱ ድሃ ሀገሮችን የሚረዳ የኪሳራና የጉዳት ፈንድ እንዲቋቋም ተስማሙ። በዓመቱ ዱባይ ላይ ሥራ እንዲጀምር ተወሰነ። ቃል የተገባው ከ700 ሚሊዮን ዶላር ብዙም ያልዘለለ ነው፤ ለዓለም ሁሉ። ፍርድ ቤቶችም እየነቁ ነው። በ2025 የጀርመን ፍርድ ቤት የፔሩ ገበሬ በአንድ ትልቅ የኃይል ኩባንያ ላይ ያቀረበውን ክስ ውድቅ ቢያደርግም፣ በመርህ ደረጃ ጭስ አምራች ሊጠየቅ እንደሚችል ተናግሯል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ዘሄግ ያለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ሀገሮች የአየር ንብረትን የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው ሲል አስተያየቱን ሰጠ።

ታዲያ ከዚህ ፈንድ ብር ለማግኘት "ጥናት አምጡ" መባል አለበት? በፍጹም አልስማማም። የኪቩ ሐይቅ ሰዎች ጥናት ማምጣት አልቻሉም፤ የሞቱት ግን ሞተዋል። መረጃ የሌለውን ድሃ በመረጃ እጦቱ ድጋሚ መቅጣት ይሆናል። እርዳታው ለጉዳቱ ይሰጥ። ክርክር ሲነሳ ግን፣ "ይህን የምትሉት በምን አውቃችሁ ነው?" ስንባል፣ የራሳችን ሰው የራሳችንን መዝገብ ይዞ ቢመልስ ደስ ይለኛል። የተመድ የአየር ንብረት ጉባኤ 32ኛው በ2027 አዲስ አበባ ይካሄዳል። ባለቤት እኛ ነን። እንግዳ ጠርቶ ስለራስ ቤት ጎርፍ እንግዳውን መጠየቅ ያሳፍራል።

ብሩ ቢመጣ ምን ላይ ይዋል ብትሉኝ፣ ሱፐር ኮምፒውተር አልልም። የሞዴሎቹ ውጤት በነጻ ይገኛል፤ መሣሪያውም እንዳልኩት በነጻ አለ። ሰዉም አለ፤ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲም ወንዶ ገነት ኮሌጅም በዚህ የሚያስቡ ወጣቶች አሏቸው። የጎደለው ጎርፍ በመጣ ማግሥት ሌላ ሥራቸውን ጥለው ሁለት ሳምንት እሱ ላይ የሚቀመጡ፣ ለዚያም የሚከፈላቸው አምስት ስድስት ሰዎች ናቸው። ቀጥሎ ያሉት መዝገቦች ናቸው። እኔ ራሴ አንዴ የአንድ ጣቢያን የዕለት ዝናብ ፈልጌ፣ ደብዳቤ አጽፌ፣ ማኅተም አስመትቼ፣ ሦስቴ ተመላልሼ ያገኘሁት ኤክሴል ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ባዶ ሳጥን ነበር። "ወረቀቱ ይኖራል፤ አልገባም" አሉኝ። ወረቀቱ ያለው ካርቶን ውስጥ ነው፤ ካርቶኑ ከጣሪያው ሥር ነው፤ ጣሪያው ያፈሳል። የዝናብ መዝገብ በዝናብ ሲበላ ማየት ሳቅም ያመጣል፣ ለቅሶም። ያንን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ለተመራቂ ልጆች የአንድ ክረምት ሥራ ነው። ክብር የለውም፤ ጋዜጣ ላይ አያወጣም፤ ሪባን አይቆረጥለትም። ለዚህ ይመስለኛል ለጋሹም፣ መንግሥትም የማይሽቀዳደሙበት።

ከሁሉም የመጀመሪያው ግን የሚለካው ሰው ነው።

ባለፈው ሰሞን ጋሼ ጋር ተመልሼ ነበር። ቅጹ አልቆባቸዋል። አዲስ እስኪመጣ ባለ 50 ሉክ ደብተር ላይ በማስመሪያ ራሳቸው አስምረው እየጻፉ ነው፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ሚሊ ሜትር፣ ማስታወሻ። ገልጠው አሳዩኝ። አንድ ቀን ላይ ሚሊ ሜትር በሚለው ሥር ሰረዝ ብቻ አለ። ሌሊቱ ጥርት ያለ ነበር፤ መለኪያው ግን ጠዋት ሞልቶ ተገኝቷል። ማስታወሻው ላይ በጥንቃቄ እንዲህ ተጽፏል፦ "ዝናብ አይደለም። 5ኛ ለ ተማሪዎች ውሃ ጨምረውበታል።"